ሌላኛው ያለውን ማንም አላለውም

«በእኔ ዓለም፣» አለ ሌላኛው በቆርቆሮ ድምፁ፣ «ዋይልድ የተዋሰውን መሰላል ይመልሳል።»

ዋናው መንገድ በሳቅ ተሞላ። ሚስተር ዋይልድ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ፤ መሰላሉን ያዋሷቸው ጎረቤት ደግሞ «አሜን ነው» አሉ። ልጆች ባልዲ ውስጥ የተነከረ ስፖንጅ እያነሱ የሌላኛውን ደረት ይደበድባሉ። ውሃው በጥቁር ካባው ላይ ቁልቁል ይወርዳል።

ጭምብሉ ውስጥ ያለችው ማርሊስ ኮልብ ነበረች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እንኳ እጇን ለማውጣት የምትፈራ ልጅ ናት። ዛሬ ግን ጭምብሉ አፍ ላይ የተገጠመው የቆርቆሮ ጡሩንባ ድምፅዋን ወፍራምና ሻካራ አድርጎላታል፤ ትከሻዋም ጥጥ ተጠቅጥቆበት ሰፍቷል። ሌላኛው ምንጊዜም ወንድ ልጅ ስለነበር፣ ሴት ትሆናለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ኦልደን ፌሪ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የምትኮራበት ነገር ቢኖር ካፒቴን ንጋትን የፈጠረው የኮሚክ ሠዓሊ እዚያ መወለዱ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ ላይ አንዱ ቅዳሜ የልዕለ ጀግናው ነው። ካፒቴኑ ወርቃማ ካባውን ለብሶ በጀልባ ይመጣና ለሕፃናት ከረሜላ ይበትናል። ከእሱ በፊት ግን ሌላኛው ይመጣል፤ ከሌላ ዓለም የመጣው፣ መልኩም ጉልበቱም ያው የሆነው፣ ክፉው ካፒቴን ንጋት። በኮሚኩ ሁለቱም ልጆች ሳሉ ጎርፍ ወስዷቸዋል። አንዱን የማያውቀው ሰው እጁን ዘርግቶ አወጣው። ለሌላኛው ግን እጅ የዘረጋለት አልነበረም፤ አጠገቡ የሚሰምጠውን ልጅ ትከሻ ረግጦ ወጣ። ልዩነታቸው ይህችው ናት።

ሌላኛው በመንገዱ እየተዘዋወረ የከተማውን ሰው ይሰድባል። ስድቡን በትንንሽ ካርዶች የሚጽፉት ሚስተር ፔክ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር። በየዓመቱ አንድ ልጅ መርጠው በጆሮው የሚያንሾካሹኩትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሕጉ አለ፦ ሌላኛው ያለውን ማንም አላለውም። ማን እንደነበረ አይጠየቅም። «እኔ አልነበርኩም» ማለትም ነውር ነው፤ አንዱ ካደ ሌላው ሊክድ፣ ሁሉም ከካደ ደግሞ ያልካደው ሊታወቅ ነው። ለዚህም ነው በዚያ ሰዓት ሥራ የሌላቸው የከተማው ወጣቶች ሁሉ ሆን ብለው የሚደበቁት፤ አንዱ ጣራ ሥር፣ አንዱ ድልድይ ሥር፣ ማን እንደጎደለ እንዳይቆጠር።

ማርሊስ ዳቦ ቤቱ ፊት ስትደርስ ካርዶቹ አለቁ። እዚያ ላይ ካባዋን አወዛውዛ መመለስ ነበረባት። ግን ሰው ገና እየሳቀ ነበር፤ በእሷ ንግግር ሰው ሲስቅ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቁ እንዲቆምባት አልፈለገችም።

ከኬክ ጠረጴዛው ጀርባ ቲልዳ ራስክ ከእናቷና ከትንሿ እህቷ ከፐርል ጋር ቆማለች። ቲልዳ ከሙአለ ሕፃናት ጀምሮ የማርሊስ ጓደኛ ናት። እሷም እንደ ሰው ሁሉ እየሳቀች፣ ምን ሊለኝ ነው ብላ ትጠብቃለች። ማርሊስ ቂም ቢኖራት ይሻል ነበር። አልነበራትም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው።

«በእኔ ዓለም፣» አለ ሌላኛው፣ «የቲልዳ አባት የጭነት ጀልባ ላይ ይሠራል። በእናንተ ዓለም ግን ክላረንስ ክሪክ ከተማ ውስጥ ከአዲሷ ሚስቱ ጋር የሕፃን ጋሪ ይገፋል።»

ሰው በልማድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ቆመ። ሚስስ ራስክ የያዙትን ትሪ ቀስ ብለው አስቀመጡ። ፐርል የእህቷን ቀሚስ ይዛ ቀና አለችና፣ «የምን ጋሪ?» አለች።

ከወንዙ በኩል የካፒቴን ንጋት ጀልባ ጡሩንባውን ነፋ። ማርሊስ ዞራ ሄደች።

ሚስተር ፔክ እሳት አደጋ ጣቢያው ጓዳ ውስጥ ፎጣ ይዘው ይጠብቋት ነበር። ጭምብሉን ከራሷ ላይ አነሡላት እንጂ አላዩአትም።

«ያንን ካርድ እኔ አልጻፍኩትም» አሉ።

«አውቃለሁ።»

ጭምብሉን ጠርገው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሣጥን ውስጥ ከተቱት። በመጨረሻ፣ «ያለው ሌላኛው ነው» አሉ። «አንቺ የት እንደነበርሽ አላውቅም። በኋላ በር ውጪ።»

በማግሥቱ ቲልዳ የእነማርሊስ በረንዳ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ተገኘች። ዓይኗ አብጧል።

«ዱዌይን ነው» አለች፣ ማርሊስ ገና ሳትቀመጥ።

«ዱዌይን ስፕራግ?»

«እና ሌላ ማን? ክረምት ላይ ነግሬሽ የለ፤ አጎቱ ጋር ክላረንስ ክሪክ ጣራ ሊሠራ ሄዶ አባቴን አይቶታል። ለማንም አልናገርም ብሎ ማለልኝ። ማለልኝ እኮ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነው። ያየው እሱ ብቻ ነው። አንቺ አይደለሽም። ማን ይቀራል?»

ጥያቄው ማርሊስ ፊት ተዘርግቶ መልሷን ይጠብቃል።

«እኔስ ይሁን፣ ጀልባ ላይ ነው እያልኩ ዋሽቻለሁ» አለች ቲልዳ። «ፐርል ግን ምን አደረገች? ፖስታ ካርዶቹን ሁሉ አምጥታ አልጋዬ ላይ ዘረገፈቻቸው። 'አባዬ የላከው' እያልኩ እኔ የምጽፍላትን። አንድ በአንድ እያነሣች 'ይሄ ያንቺ ጽሑፍ ነው፣ ይሄም ያንቺ ነው' አለችኝ። አላለቀሰችም ደሞ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።»

ያኔ ነው ማርሊስ የሰማችው። ጭምብሉ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ሣጥኑ ተቆልፏል። ድምፁ ግን ጆሮዋ ሥር ነበር፣ ያው ሻካራ የቆርቆሮ ድምፅ፦ በእኔ ዓለም፣ አንቺ አሁን ለጓደኛሽ እውነቱን ትነግሪያታለሽ።

«ዱዌይን ድሮም አፉ ክፍት ነው» አለች ማርሊስ።

ይህን ያለችው ያለ ጭምብል፣ በገዛ ድምፅዋ ነው። ቲልዳ ትከሻዋ ላይ ራሷን ጣለችና አለቀሰች፤ ማርሊስም ጸጉሯን ደባበሰችላት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ፣ እንደዚያ ነው።

ዱዌይንን የከሰሰው ሰው የለም። ሕጉ አይፈቅድማ። የቲልዳ አጎት የመሻገሪያው ጀልባ ባለቤት ናቸው፤ ዱዌይን ከልጅነቱ ጀምሮ ያንን ጀልባ እንደመንዳት የሚመኘው ነገር የለም። ፀደዩን ሙሉ ማንም ሳያዘው ዝገቱን ሲፍቅና ቀለም ሲቀባ ነው የከረመው፤ ለበጋው ሥራ ሊቀጥሩት ቃል ገብተውለት ነበር። ሰኞ ጠዋት ሲሄድ፣ «ሰው ሞልቶልናል» አሉት። ማርሊስ የእነቲልዳ ዳቦ ቤት ቆማ ሳለች ደግሞ እሱ ገብቶ ዳቦ ጠየቀ። ሚስስ ራስክ ሙሉውን መደርደሪያ ጀርባቸው አድርገው፣ «አልቋል» አሉት። እሱም መደርደሪያውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ።

የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል። ሦስተኛ ክፍል ሳለ የሰው ብስክሌት መውሰዱ ትዝ ያላቸው ሰዎች ተገኙ። አባቱም እንዲህ ነበር የሚሉ ተገኙ። ዱዌይን አልካደም። መካድ ነውር ነው፤ ቢክድስ ማን ሊያምነው።

ድምፁ ከማርሊስ አልሄደም። ራት ላይ እናቷ ስለ ሥራ ባልደረባቸው ሲያወሩ፣ በእኔ ዓለም ይላል፣ እናትሽ ሰውን ሳታማ ትበላለች። መንገድ ላይ አስተማሪዋን ስታይ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይላል። ደግሞ የሚያስፈራው፣ የሚለው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ሰው ያስቃል። ለእያንዳንዱ ሰው የት ቦታ እንደሚያመው ያውቃል። ማርሊስ ይህን ሁሉ ታውቅ እንደነበር አታውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላኛው መጀመሪያ የመጣበትን አሮጌ ኮሚክ ከመደርደሪያዋ አወጣች። ከጎርፉ የወጣበትን ገጽ ፈለገች። በልጅነቷ ይህን ገጽ ስታይ ፊቱ አስፈሪ ይመስላት ነበር፤ አሁን ስታየው ምንም የለበትም። የካፒቴን ንጋት ፊት ነው፣ እንዳለ። ሠዓሊው አንዲት መስመር እንኳ አልቀየረም። የእርጥብ ልጅ ፊት፣ ትንሽ የገረመው፣ ትንሽ ደስ ያለው። ሥዕሉ ውስጥ የረገጠው ልጅ እጅ ብቻ ነው ከውሃው በላይ የሚታየው። ማርሊስ መጽሐፉን ዘግታ ከአልጋዋ ሥር ወረወረችው፤ ከዚያ እዚያ ሥር መኖሩን እያሰበች መተኛት አቃታት፤ አውጥታ ጋራዥ ወሰደችው።

ዱዌይንን ድልድዩ ሥር አገኘችው። እሱ ሁልጊዜም እዚያ ነው፤ በበዓሉ ሰዓትም የተደበቀው እዚያ ነበር። መቃጥኑን ውሃ ውስጥ ጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«መጣሽ» አለ፣ ዞር ሳይል።

«እኔ መሆኔን በምን አወቅህ?»

«ሌላ የሚመጣ የለማ።» መቃጥኑን ትንሽ ሳበ። «ነቄ ነኝ ማርሊስ። ከእነቲልዳ ቤት ውጪ ነገሩን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ እኔ አላልኩም። በሂሳብ የምወድቀው ልጅ እንኳ ደረስኩበት።»

ማርሊስ አጠገቡ ተቀመጠች። ውሃው ቡናማ ሆኖ በዝግታ ያልፋል።

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ምን ብዬ? 'እኔ አይደለሁም' ስል 'ታዲያ ማነው?' ይሉኛል። እሱን መናገር አልፈልግም።»

«ለምን?»

«ቲልዳ ያላት አንድ ጓደኛ ነዋ።» እንደ ቀላል ነገር አለው። «እኔ ላይ ቢናደዱ የለመድኩት ነው። አንቺን ካጣች ግን ከማን ጋር ታወራለች? ከፐርል ጋር?»

ማርሊስ እንባዋ መጣ፤ ግን እዚህ ልጅ ፊት ማልቀስ መብቷ አልመሰላትም። ዋጥ አደረገችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ዱዌይን። «ሙድ ልይዝብሽ አይደለም፣ የምር ነው። ስትይው ደስ አለሽ?»

ልትዋሽ አፏን ከፈተች። «አዎ» አለች። «ሳቁ እስኪቆም ድረስ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ዘንድሮ ሚስተር ፔክ እኔን ይመርጡኛል ብዬ ነበር። ለከተማው ሁሉ የሚበቃ ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። ላንቺም ጭምር።»

«ለእኔ ምን?»

«ተይው ባክሽ። አሁን አያስቅም።»

ዓሣ አልያዘም። መቃጥኑን ጠቅልሎ ተነሣ፤ ሲሄድ ከእሷ ምንም አልጠየቃትም። ቢጠይቃት፣ ቢሰድባት፣ ወይ ደግሞ ትናገሪያለሽ ብሎ ቢያስፈራራት ኖሮ እንዴት እንደምትሸሸው ታውቅ ነበር።

ከዚያ ቀጥታ ሚስተር ፔክ ቤት ሄደች። ሽማግሌው ጓሯቸው ውስጥ ቲማቲም እያሰሩ ነበር። የመጣችበትን ስትነግራቸው ገመዱን እንደያዙ ቀሩ።

«ስሚኝ ልጄ። እኔም በልጅነቴ ጭምብሉን አድርጌዋለሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። አንቺ ከከፈትሽ የሚመጣው ዓመት ልጅ ሁሉ 'የት ነበርክ' ሊባል ነው። ማን ከዚያ በኋላ ጭምብሉን ያደርጋል? ይህች ከተማ በራሷ የምትስቅበት አንድ ቀን ነው ያላት።»

«ዱዌይንስ?»

«እስከ መስከረም ይረሳለታል። የሰው ነገር ታውቂ የለም፣ ይረሳል።»

«ጀልባውስ?»

ቲማቲሙን አስረው ጨረሱና፣ በተሰበረ ድምፅ፣ «እኔኮ የመረጥኩሽ ጭምት ልጅ ናት፣ ሰው አትጎዳም ብዬ ነው» አሉ።

ከሁሉ የጎዳት ይህ ነው። እሷም ስለራሷ እንደዚያ ታስብ ነበር። ጭምት የሆነችው ሰው መጉዳት ስለማትፈልግ ይሁን ወይስ የሚሰማት ስላልነበረ፣ አሁን እርግጠኛ አይደለችም። «አዝናለሁ» አለቻቸው። እንደማትናገር ቃል እንድትገባ ጠበቁ። አልገባችም።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ቤቱ እንደ ወትሮው ሞልቷል። ወረፋው እስከ በሩ ነው። ማርሊስ መጨረሻ ላይ ቆመች። ፊቷ ሚስተር ዋይልድ ናቸው፤ ስለ መሰላላቸው ዛሬም ይቀለድባቸዋል። መስኮቱ ሥር ፐርል እግሮቿን እያወዛወዘች ተቀምጣለች። የቲልዳ አጎትም ጥግ ላይ ቆመው ቡናቸውን ይጠጣሉ።

ለቲልዳ ብቻዋን መንገር ትችል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያንን ነበር ያሰበችው፤ በረንዳ ላይ፣ ቀስ ብላ፣ እጇን ይዛ። ያኔ ቲልዳ ታውቃለች፤ ዱዌይን ግን ያው ዱዌይን ይሆናል። ነገሩ የተነገረው በሰው ፊት ነው።

ወረፋው አንድ ሰው ወደፊት ሄደ። በእኔ ዓለም፣ ጀመረ ድምፁ፣ ማርሊስ አሁን ዞራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ማንም አያውቅም፣ መስከረም ይመጣል። የሚለው ሁሉ እውነት ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ከኋላዋ የመጡት ሴትዮም ተራዋን በደስታ ይወስዱላታል። ቲልዳን ልታጣ ነው። ምናልባት ለዘለዓለም። ይህን እያወቀች፣ ሌላ ሰው ከፊቷ ሲሄድ፣ እሷም አንድ እርምጃ ወደፊት ተጠጋች።

ሚስተር ዋይልድ ዳቧቸውን ይዘው ዞር አሉ።

ቲልዳ አየቻት፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ሳትጠየቅ የቀረፋውን ዳቦ በወረቀት መጠቅለል ጀመረች። «ዛሬ ትኩስ ነው፣ አሁን ነው የወጣው። ቁጭ በይ፣ ሰው ሲቀንስ እመጣለሁ።»

«ቆዪ ቲልዳ፣ አትጠቅልዪው» አለች ማርሊስ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ጥግ ላይ ያሉት አጎት ሲኒያቸውን አውርደው እስኪያዩዋት ድረስ ተሰማ። «መጀመሪያ የምነግርሽን ስሚኝ። ከዚያ ትሸጪልኝ እንደሆነ ትወስኛለሽ።»